ድኝና ሰም

ከመርሳ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ ስዩም የአህያዋን ገመድ ወደ ቀኝ ሳብ አደረገና ከአስፋልቱ ወርዶ ማሽላው ውስጥ ገባ። ለይላ ሻሿን አጥብቃ ተከተለችው። ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። የጥቅምት ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ዘለላው ከብዶት አጎንብሶ አጫጅ ይጠብቃል፤ ከአጫጆቹ ግን ግማሾቹ ተሰደዋል፣ የቀሩትም ሜዳ ላይ መታየትን ፈርተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ከወደ ውርጌሳ አልፎ አልፎ የመድፍ ድምፅ ይሰማል። አህያዋ ለድምፁ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም፤ ከነሐሴ ጀምሮ ለምዳዋለች።

ስዩም ሃምሳዎቹን ያጋመሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜውን ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ሐራ ሲመላለስ ነው የፈጀው። የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ጠጠር ያመላለሰው በዚሁ የሜዳ መንገድ ስለነበር የትኛው ጎርፍ የቱ ጋ መንገዱን እንደቆረጠው ሳይቀር ያውቃል። ታጣቂዎቹ መርሳን በያዙ ጊዜ የአይሱዙውን ባትሪ አውልቆ፣ የነዳጅ ፖምፓውን ፈትቶ ጭድ ውስጥ ደበቀ፤ ጎማዎቹን ደግሞ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። መኪናው ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀረ። መንዳት የማይችሉትን አይወስዱትም ብሎ ለሚስቱ ለወይንሸት ነግሯት ነበር፤ እውነትም አልወሰዱትም። ከዚያ ወዲህ የደበቁት ነገር ይድናል የሚለውን ሐሳብ የሚያናውጥበት አልተገኘም። ያልቻለው ልጁን መደበቅ ብቻ ነው። ዮሐንስ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ወታደር ሆኖ ወጥቷል፤ በመጨረሻ የተሰማው ከውጫሌ በላይ ምሽግ ውስጥ መሆኑ ነው።

ለይላ ጎረቤቱ ናት። ባሏ ዓሪፍ ሸቀጥ ሊያመጣ ደሴ እንደወረደ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። እሷ በሰላሙ ጊዜ ቅባት እየሠራች መርሳ ገበያ ታወጣ ነበር። የምስርች ቅጠል በሰሊጥ ዘይት ዘፍዝፋ ፀሐይ ላይ ታሰነብተዋለች፤ ከዚያ አጥልላ የንብ ሰም ታቀልጥበታለች። ሲረጋ ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሻከረ የገበሬ እጅ፣ ሽንት ላቃጠለው የሕፃን ጭን ይሆናል። ስዩም ራሱ በጋ በገባ ቁጥር ተረከዙን ይቀባበታል፤ ሰው ፊት ግን የሴቶች ነገር ነው ይላል።

ወደ ሐራ ያስኬዳቸው የተረከዝ ነገር አልነበረም። ከቆቦና ከራያ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች መርሳ ባለው ትምህርት ቤት በየክፍሉ ተደራርበው ያድራሉ። ውሃ እንደልብ የለም፣ ሳሙና የለም፣ መለወጫ ልብስ የለም። እከክ ገባ። መጀመሪያ በጣቶች መሃል፣ ቀጥሎ በብብትና በወገብ፣ ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው። አመሻሽ ላይ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ጥፍር ቆዳ ላይ ሲሄድ ነው።

አሰለፈች የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ጤና ጣቢያው ባዶ ቢቀርም ነጭ ጋዎኗን ለብሳ በየማለዳው ትምህርት ቤቱ ትሄዳለች። እሷና ለይላ ተቀምጠው ሲመካከሩ ስዩም በአጥሩ በኩል ሰምቷቸዋል። ያንቺ ቅባት ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ እከኩን አይገድልም አለቻት አሰለፈች፤ ድኝ በደንብ ደቅቆ ከገባበት ግን ይገድላል፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ይበቃል። ለይላ በበኩሏ ድኙ እሳት ላይ ሳለ ከተጨመረ ጭሱ እንደሚያፍን፣ ቅባቱ ወርዶ ለብ ሲል ማማሰሉ እንደሚሻል፣ ሰሙም ከወትሮው በዛ ካላለ በቆላው ሙቀት እንደሚቀልጥ ነገረቻት። አንዷ የበሽታውን፣ ሌላዋ የቅባቱን ጠባይ እያመጡ ገጠሙት።

አሰለፈች አንድ ነገር ብቻ ተስፋ አልሰጠችበትም። ናጅዋ የምትባል የቆቦ ሴት ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ አለቻት፣ ሉብና ትባላለች። ሕፃኗ ሰውነቷን ቧጥጣ ቧጥጣ ቁስሉ አመርቅዟል፤ ትኩሳትም ጀምሯታል። እሱ ቅባት የሚደርስበት አይደለም። አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ በመርሳ አንድ ፍሬ የለም።

ድኙ ሐራ እንዳለ የምታውቀው ለይላ ናት። መንገዱን የሚያውቀው ስዩም ነው። በዚህ ምክንያት ነው አብረው የወጡት።

ሐራ የደረሱት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ነበር። የለይላ አጎት አብዱልሐሊም ከአፋሮች ጋር ጨውና ፍየል ሲለዋወጥ ያረጀ ሰው ነው፤ ግመል እከክ ሲይዘው የሚታሸበት ስለሆነ ድኝ ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። ሰላምታው ረጅም ነበር። ስለ ዓሪፍ ጠየቀ፣ ስለ መርሳ ጠየቀ፣ ስዩምን ደግሞ ሐዲዱ ሲሠራ ጠጠር የሚያመጣው ያ ለፍላፊ ሾፌር መሆኑን አስታውሶ ሳቀ። ከዚያ ሰሊጥ ዘይት በጀሪካን፣ ሰም በጨርቅ ቋጥሮ፣ ቢጫውን የድኝ ድንጋይ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አወጣላቸው። ድኙን ሲሰጣት ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ካዩባችሁ ባሩድ ልትሠሩ ነው ይሏችኋል» አለ። «ደብቂው ልጄ።»

ለይላ ድኙን ከሰሙ አጠገብ ዘንቢሉ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ከዘይቱና ከሰሙ ጋር ካዩት ቅባት ነው፣ አጎቴ» አለችው። «ለብቻው ተደብቆ ካገኙት ነው ባሩድ የሚሆነው።»

ሽማግሌው አሰብ አድርጎ፣ አላህ ያድርሳችሁ ብሎ መረቃቸው። ስዩም ግን ውስጡ አልተቀበለውም። ለይላ የቀትሩን ሶላት ዙህርን ልትሰግድ ስትገባ ድኙን ከዘንቢሉ አውጥቶ፣ በአህያዋ ጀርባ ላይ ያለውን የጭድ መደላድል በካራ ተርትሮ ውስጡ ወሸቀው፤ በሽቦም መልሶ ሰፋው። ፖምፓውን ያዳነው ጭድ ይህንንም ያድነዋል ብሎ ነው። ለእሷ አልነገራትም። ብነግራት ትከራከረኛለች፣ ሰዓት ይሄዳል ሲል ለራሱ ምክንያት ሰጠ።

ጠዋት ባዶ ሆኖ ያለፉበት የባቡር ሐዲድ ድልድይ ከሰዓት በኋላ ሰው ሞልቶታል። ታጣቂዎቹ ከወልድያ በኩል መጥተው፣ የባቡር ሠሪዎቹ ትተዋቸው በሄዱት ሁለት ኮንቴይነሮች ውስጥ ሰፍረዋል። በድልድዩ ሥር ድንጋይ ደርድረው ኬላ አድርገውታል። መመለስ አይቻልም፤ ታይተዋል።

የሚፈትሸው ወጣት ዘይቱን አሸተተ፣ ሰሙን በጣቱ ተጫነ፣ የለይላን ስንቅ ፈትቶ ቋጠረ። ሊያሳልፋቸው እጁን ካነሳ በኋላ ዓይኑ ሽቦው ላይ አረፈ። በሳንጃው ጫፍ መደላድሉን ወጋ ሲያደርገው ቢጫ ፍርፋሪ ረገፈ። ወጣቱ ወደ ኋላ ሁለቴ ተራምዶ ተጣራ።

የመጣው አዛዣቸው ነው። ወዲ ቀሺ ይሉታል፣ የቄስ ልጅ ማለት ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ሰው። ድኙን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። አያቱ ድኝ፣ ከሰልና የባሩድ ጨው ቀላቅሎ ባሩድ ሲወቅጥ በልጅነቱ ማየቱን በጥሩ አማርኛ ነገራቸው። ከዚያ ይህን ለማን እንደሚያደርሱ፣ ማን እንደላካቸው፣ ጫካ ውስጥ ማን እንደሚጠብቃቸው ጠየቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የጠመንጃዎቹ አፈ ሙዝ ግን ቀና አለ።

ለይላ ወደ ስዩም ዞር ብላ አየችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። እሱ አሁን ታውቃለች ብሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ድኙ የኔ ነው» አለች ለአዛዡ።

ስዩም ዕድሜውን ሁሉ ኬላ ላይ ሲዋሽ የኖረ ሰው ነው፤ ለትራፊክ፣ ለቀረጥ፣ ለሚዛን። አሁንም ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ነበር፤ አህያዋ የተዋስናት ናት፣ መደላድሏ ውስጥ ያለውን አናውቅም ማለት ብቻ። ያ ውሸት ግን አስቀድማ እውነቱን የተናገረችውን ለይላን ሊያስገድላት ሆነ።

«የእሷ ነው። የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ» አለ። «እሷ በግልጽ ይዘነው እንለፍ ብላ ነበር። እንዳታየኝ ሆኜ ወሸቅኩት።»

«ለምን ደበቅከው?»

«ፈርቼ።»

አዛዡ ይህን መልስ አልጠበቀም። ስዩምን ትክ ብሎ እያየ ሳለ የቀኝ አውራ ጣቱ ሳያውቀው የግራ እጁን ጣቶች መሃል ያክክ ነበር። ለይላ ያንን ስታይ ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ሥራዋን አየች።

«ወንድሜ፣ ከመሸ በኋላ ነው የሚብስብዎት?» አለችው። «ወገብዎ ላይም አለ፤ የእጅዎ አንጓ ላይም።»

ወዲ ቀሺ እጁን ወደ ኋላ ወሰደ። ከፈታሹ ወጣት ጀምሮ በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ግን ተያዩ። አንዱ እንደውም ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን አሳያት፤ ከአንገት በታች ሽፍታ ሆኖ ነበር።

ለይላ እሳትና ቆርቆሮ ጠየቀች። የተረፈ የምግብ ጣሳ አመጡላት። ሰሊጥ ዘይቱን አሞቀች፣ ሰሙን በካራ ላጭታ ቀስ እያለች ጨመረች፣ እንጨቱን እያወጣች እሳቱን አበረደች። ስዩምን ድኙን በድንጋይ እንዲደቁስ አዘዘችው፤ እሱም ተንበርክኮ ደቆሰ። ዱቄቱን በሻሿ ጫፍ ነፋችው። ታጣቂዎቹ ድኙ ወደ እሳቱ ሲቀርብ ራቅ ራቅ አሉ። እሷ አልራቀችም።

«ባሩድ ቢሆን እኔ እዚህ አልቀመጥም ነበር» አለች።

ጣሳውን አውርዳ ለብ እስኪል ጠበቀች፤ ከዚያ ድኙን እየነሰነሰች እስኪጠና አማሰለችው። ቢጫ ሆኖ ረጋ። ክንዷን ገልጣ መጀመሪያ ራሷን ቀባች። ስዩም ሳይጠየቅ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላት፤ ቀባችው። ሦስተኛው እጅ የወዲ ቀሺ ነበር።

አዛዡ ባሩዱን ትቶ ሌላ ነገር ያስብ ጀመር። ይህች ሴት ሰዎቹ ሁሉ እስኪድኑ እዚሁ ትቆያለች አለ። ለይላ በመርሳ ትምህርት ቤት ሰው እንደሚጠብቃት፣ ሕፃናት ደም እስኪወጣቸው እንደሚያኩ ነገረችው። እሱ የነገረችውን አልጠላም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ስዩም ተነሣ። ሙያው በእሷ እጅ ነው አለ፤ የሷን ሥራ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማሸትም አያቅተኝም፣ እኔ ልቅር። የደበቅኩት እኔ ስለሆንኩም መያዣ መሆን የሚገባኝ እኔ ነኝ። ቅባቱ መርዝ ሆኖ ከተገኘ ማንን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ወዲ ቀሺ ተስማማ። ለይላ ከድኙም ከሰሙም ከዘይቱም ግማሽ ግማሹን አስቀረች። አህያዋን ስትጭን ስዩም ገመዱን ሊያጠብቅላት ቀረበ፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማድረግ ያለበትን ሁሉ ነገረችው። ከአንገት እስከ ተረከዝ፣ ምንም ሳይቀር። ሁሉም በአንድ ቀን መቀባት አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ይመልስባቸዋል። ልብስና ብርድ ልብስ ይቀቀል። ያመረቀዘ ቁስል አይነካ። መጀመሪያ ላይ ማሳከኩ ቶሎ አይተውም።

«እንዳይደነግጡ፣ ጋሽ ስዩም» አለችው። «እነሱ ይደነግጣሉ፤ እርስዎ ከደነገጡ ግን አለቀ።»

ስለ መደላድሉ ምንም አላለችውም። እሱ ለወይንሸት ደህና መሆኑን እንድትነግራት ለመናት፤ እሷም ሄደች፤ ሳይመሽ ዘመዶቿ ያሉበት መንደር ትደርሳለች።

በማግስቱ ስዩም ከአዛዡ ጋር የተጣላው በልብስ ነው። ሁሉም ልብሱን በአንድ ጊዜ ያውልቅ ሲል ወዲ ቀሺ ሳቀበት። ድንገት ተኩስ ቢመጣ ራቁታችንን ነው የምንዋጋው አለው። ስዩም አልተበገረም። ሦስቱን ጎማ ነፍቶ አንዱን የተወ ሾፌር የትም አይደርስም አለ፤ ግማሽ በግማሽ የምታደርጉት ከሆነ ቅባቱንም አታባክኑት፣ እኔንም ልቀቁኝ። አንድ መያዣ እንዲህ ሲናገር ታጣቂዎቹ ሰምተው አያውቁም። አዛዡ ጥቂት አሰበና ከጎረቤት ጦር ዘብ ተበደረ።

ያን ቀን ረፋዱን በባቡር ሐዲዱ ሥር የታየው ነገር ለተዋጊ የሚያኮራ አልነበረም። ለሁለት የተቆረጠ በርሜል እሳት ላይ ተጥዶ ዩኒፎርሙ ይንተከተካል። ወንዶቹ የላስቲክ ሸራ ተጠቅልለው፣ ቢጫ ሆነው፣ የገማ እንቁላል እየሸተቱ በሰልፍ ተቀምጠዋል። ሴት ታጋዮቹ ኮንቴይነሩን ዘግተው እርስ በርሳቸው ይቀባባሉ፤ ሳቃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። ስዩም እጅጌውን ሰብስቦ ከጀርባ ወደ ጀርባ ያልፋል። መጀመሪያ እጁ እንቢ ብሎት ነበር። የመጀመሪያው ጀርባ ላይ የጥይት ጠባሳ ነበረ፤ ይህን ማን ተኮሰ ብሎ አሰበና ዮሐንስ ትዝ አለው። ከዚያ አጥንቱ የሚቆጠር የልጅ ጀርባ መጣ። ከዚያ ሌላ። እየቆየ እጁ ጀርባ ብቻ ማየት ጀመረ።

ወዲ ቀሺ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ሸሚዙን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስዩም ትከሻውን ሲያሸው ቆይቶ አዛዡ ልጅ እንዳለው ጠየቀው።

«አንድ አለኝ» አለ ስዩም።

«የት ነው?»

ስዩም እጁን አላቆመም። ፖምፓውን እንደደበቀ ይህንንም መደበቅ ይችል ነበር። አዲስ አበባ ነው ቢል ማን ያውቅበታል።

«ከማዶ ነው» አለ። «እናንተ ጠመንጃችሁን ያዞራችሁበት ጋ።»

የአዛዡ ጀርባ ደረቀ። በአካባቢው የነበሩትም ሰምተው ቀና አሉ። ስዩም አሁን ነገር መጣ ብሎ ጠበቀ፤ ግን መልሶ መዋጥ አልፈለገም፣ ውሸት የሰለቸው ያን ቀን ነው። ወዲ ቀሺ ክንዱን ወደ ኋላ አጥፎ የትከሻውን አጥንት ሥር በጣቱ አሳየ።

«እዚህ ጋ አልደረሰም፣ አቦይ» አለ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንተ እያለ ነበር የሚጠራው፤ አሁን በቋንቋው አባቴ አለው።

ቀጥለው የመጡት ቀናት ክፉዎች ነበሩ። ማሳከኩ እንኳን ሊተው ባሰ። አንዱ ቁስሉን ደብቆ ተቀብቶ ኖሮ እንደ እሳት አቃጠለውና ሲጮህ ዋለ። ሽማግሌው መርዞናል የሚል ወሬ ተነሣ፤ እንዲያውም ልጁ ከማን ጋር እንዳለ ተናግሮ የለ አሉ። ስዩም ግን ለይላ እንዳለችው ድንጋጤውን በፊቱ አላሳየም። በየማለዳው በሁሉም ፊት መጀመሪያ ራሱን ከአንገት እስከ ተረከዝ ይቀባል፤ ያቃጠለውን ልጅ ቁስል በጨው ውሃ አጠበለት፤ ደጋግሞም ሞተሩ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ራዲያተሩ ቶሎ አይበርድም፣ የሞተውም እከክ እንደዚያው ነው እያለ አስረዳቸው። እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። ለይላ ብላለችና አመነ።

አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ ማሽላው ላይ ስታርፍ ስዩም ጣሳውን ይዞ ቢመጣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ዘቡ ቆሟል፤ ሌላው ሁሉ ተኝቷል። ወዲ ቀሺም ኮንቴይነሩ ደጃፍ ላይ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹ ሁለቱም ደረቱ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ተኝቷል። ዘቡ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንዲል ለመነው። ስዩም ጣሳውን አስቀምጦ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ደስታ ተሰማው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረበት። የተኙት እነዚህ ናቸው፤ ነገ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ እጃቸው ረግቶ ወደ ውጫሌ ይወርዳሉ። ዮሐንስን አሰበ። ግን ያ ቆዳ ሲሽር ያየ እጁ ባላደረግኩት አላለም።

አዛዡ ሲነቃ ራሱ አፍሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስዩምን ጠርቶ መሄድ እንደሚችል፣ የኬላውም ሰው ሁሉ እንዲያሳልፈው መናገሩን ነገረው። ስለ ውለታው ደግሞ የሚሻውን ይጠይቅ አለ፤ ዱቄት አለ፣ ስኳር አለ።

ስዩም ሕፃን የሚያድን አንቲባዮቲክ ነው የፈለገው። ወዲ ቀሺ ይህ የለም ሊል አፉን ከፈተ፤ ለሰዎቹም የሚበቃ አልነበረውም። ስዩም ቀደመው። ቁስሉ ያመረቀዘባት ልጅ አለች፣ ቅባቱ አይደርስባትም፣ ይህን የነገረችኝ ነርስ ናት፤ መጠኑን እሷ ታውቀዋለች አለው። ለልመና ጎንበስ አላለም፤ ጭነቱን ሊቀበል እንደመጣ ሾፌር ቆሞ ጠበቀ። አዛዡ ሕክምና የሚሠራላቸውን ልጅ ጠርቶ በትግርኛ ተነጋገሩ። ክርክር ይመስል ነበር። በመጨረሻ ልጁ ካፕሱል የተደረደረበት ማሸጊያ አምጥቶ ለስዩም ሰጠው። ስዩም ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ አልደበቀውም፣ ሸሚዝ ኪሱ ላይ ጫፉ እየታየ ነው መርሳ የገባው።

ወደ ቤቱ ሳይሄድ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ገመድ ተዘርግቶ የተቀቀለ ልብስ ተሰጥቷል፤ ለይላ ሴቶችን ዛፍ ሥር ሰብስባ ቅባት እያከፋፈለች ነበር። ስታየው ተነሥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፣ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ከዚያ ጣቶቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው፤ ንጹሕ ነበሩ። አሰለፈች ካፕሱሎቹን ስታይ፣ የሚያበቁበትን ቀን አንብባ ፊቷ በራ። አንዱን ከፍታ ዱቄቱን በማንኪያ ከፋፈለች፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጠበጠችው። ናጅዋ ሉብናን ጭኗ ላይ ይዛ፣ አፏን በጣቷ ከፍታላት፣ ጠብታ ሳይፈስ አጠጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኩሳቷ እየቀነሰ ሄደ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ልጅቱ በተሰጣው ልብስ መሃል እየሮጠች እናቷን ታስመርር ጀመር።

ወሬው ግን ከስዩም ቀድሞ መርሳ ገብቶ ነበር። ፈንታው የሚባል ባለ ሱቅ፣ በነሐሴው ውጊያ ወንድሙን ያጣ ሰው፣ በማግስቱ ስዩም ወንዶቹን ክፍል ውስጥ እየቀባ ሳለ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ወንዶቹን ሴቶች ሊቀቧቸው ስለማይሆን ያ ሥራ የስዩም ሆኖ ነበር። ፈንታው ሰላምታ አልሰጠም።

«ወንድሜን የገደሉትን ሰዎች በዚያው እጅህ አሸሃቸው አሉ» አለው።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ ስዩም ተመለከቱ። አንዳንዶቹ ጀርባቸው በግማሽ ተቀብቶ ነበር።

«አሽቻቸዋለሁ» አለ ስዩም። «ልጄ ከፊታቸው እንዳለ እያወቅኩ ነው ያሸኋቸው። ባላሻቸው ለይላ ከዚያ አትወጣም ነበር፣ ይህም ቅባት እዚህ አይደርስም ነበር። በዚህ የምትጠላኝ ከሆነ አልፈርድብህም።»

ከዚያ በላይ አልተከራከረም። ፊቱን ሲቀባው ወደነበረው ሽማግሌ መልሶ፣ ያቋረጠበትን ትከሻ ጨረሰ፤ ቀጥሎ ያለውን ጠራ። ፈንታው ከበሩ አልሄደም። የበሩን መቃን ተደግፎ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያያል፤ እጁን በእጁ ይዟል፣ ጣቶቹን ግን ማሳረፍ አልቻለም። ተራው ሲያልቅና ክፍሉ ሲጎድል ስዩም ጣሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ የቀረውን አየ። ለአንድ ሰው ይበቃል።

ፈንታው ቀስ ብሎ ገባ። ስዩምን አላየውም፤ ግድግዳውን እያየ ሸሚዙን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ጀርባውን ሰጠው። ብብቱ ሥር እስኪደማ ታክኮ ነበር። ስዩም ቅባቱን በመዳፉ አሙቆ ከአንገቱ ጀመረ። ጀርባውን ጨርሶ እስከ ወገቡ ወረደ። ሥራው ሲያልቅ ፈንታው እጁን ወደ ሸሚዙ ዘረጋ፤ ስዩም ግን ቀድሞ አነሣውና በርሜል ውሃ ወደሚፈላበት ግቢ ይዞት ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለ።

«ይህ መጀመሪያ ይቀቀላል» አለው።